ሽማግሌ ፊት የፈረምኩት ወረቀት አፋቶናል ወይ? ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ነው፦ "በ2006 ዓ.ም በሰማንያ ተጋባን፣ የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለን። ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ከ2 ዓመት ወዲህ አዲስ አበባ ከሌላ ሴት ጋር ነው የሚኖረው። ግንቦት ላይ አባቱ ቤት ሽማግሌ ተቀምጦ 'በስምምነት ተፋተዋል፣ ቤቱ ለሱ፣ ለሷ 60 ሺህ ብርና 8 በግ' ተብሎ ተጻፈ፣ ጨንቆኝ ፈረምኩ። 20 ሺውን ሰጠኝ፣ ቀሪውን እስካሁን አላየሁም። አሁን ደላላ ቤቱን ለገዢ እያሳየ ነው። ቦታውን በ2010 በማኅበር ነው ያገኘነው ግን ካርታው በሱ ስም ነው። ሰማንያው የት እንደገባ አላውቅም። ወንዱን ልጅ እወስዳለሁ ይለኛል፣ አባቴ በሰጠኝ ሁለት ጥማድ መሬትም ያረስኩት እኔ ነኝ ድርሻ አለኝ ይላል። መኪናው በወንድሙ ስም ነው። በሌላ ሴት ስለሄደብኝ ድርሻውን አያጣም ወይ? እውነት ተፋተናል ወይ?"

አልተፋታችሁም። ዛሬም በሕግ ሚስቱ ነሽ። ፍቺ መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ሽማግሌ አይችልም፣ ቀበሌ አይችልም፣ የንስሐ አባትም አይችሉም፣ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ብትፈርሙም ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ ፍቺ አይባልም። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው፣ የኛ የአማራ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በአብዛኛው የፌዴራሉን ተከትሎ የተቀረጸ ነው። እዚህ የአንቀጽ ቁጥር ስጠራ የፌዴራሉን ነው የምጠራው፣ መሐል ሜዳ ላይ አቤቱታ ሲጻፍ ግን የሚጠቀሰው የክልሉ ቁጥር ስለሆነ የሚጽፍልሽ ሰው ይሄን ይወቅ፣ እኔ የጻፍኩትን ቁጥር ዝም ብሎ እንዳይገለብጥ።

ሽማግሌ አፋታን የሚለው እምነት ግን ከሜዳ የመጣ አደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የፍቺ ጉዳይ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤተዘመድ ዳኞች ነበር፣ እነሱ ተቀምጠው ሰምተው ፍቺ ይወስኑ ነበር፣ እና እናቶቻችንና አባቶቻችን በእውነት በሽማግሌ ነው የተፋቱት። ሕጉ ሲቀየር ያ ሥልጣን ከሽማግሌዎቹ ላይ ተነሳ፣ ሰው ጋ ግን ወሬው በደንብ አልደረሰም። እኔ ከመንዝም ከጣርማ በርም ከምንጃርም የሚመጡ ሰዎች ይሄንኑ ወረቀት አጥፈው ይዘው ሲመጡ ነው የማየው፣ አንዳንዱ ላይ የሦስት ሽማግሌ ጣት አሻራ ሁሉ አለበት። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አደሉም፣ አብዛኞቹ ጠብ ለማብረድ ብለው ነው የሚቀመጡት። ዛሬ የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው፣ ወይም ባልና ሚስት ፍርድ ቤት የሚያቀርቡትን ስምምነት እንዲጨርሱ ማገዝ። ከዛ ያለፈው ከሥልጣናቸው ውጭ ነው።

ስለ ንብረቱ የተጻፈውም እንደዛው ነው። ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም (አንቀጽ 73)። ምክንያቱም ሕጉ አንዱ ባንዱ ላይ ሊያሳድር የሚችለውን ጫና ያውቃል፣ አንቺ ራስሽ "ጨንቆኝ ፈረምኩ" ያልሽው ነገር ማለት ነው። ስለዚ "ቤቱ ለሱ" የሚለው መስመር ቤቱን የሱ አላደረገውም። የወሰድሽውን 20 ሺህ ግን አልወሰድኩም እንዳትዪ። ወስጃለሁ በይ፣ ክፍፍሉ ሲሰራ ይታሰባል። ፍርድ ቤት ላይ አንድ ነገር ዋሽተሽ ከተያዝሽ እውነት የተናገርሽባቸው ሌሎች ዘጠኝ ነገሮችም ይጠረጠራሉ።

አሁን በጣም ስሚኝ። ያንን ወረቀት እንዳትቀዳድጂው፣ እንዳታቃጥዪው። ብዙ ሴቶች ተናደው ይቀዳድዱታል። ሰማንያው ጠፋ ብለሽ ነው የጨነቀሽ፣ ግን እዛ ወረቀት ላይ ባልሽ በገዛ ፊርማው ባልና ሚስት እንደነበራችሁ ጽፏል፣ ሽማግሌዎቹም ፈርመውበታል፣ ባል ያልሆነ ሰው አይፋታም። ከዛም በላይ ቤቱን ለሱ አድርጎ ላንቺ ብርና በግ ለመስጠት መስማማቱ ቤቱ ላይ ድርሻ እንዳለሽ ያውቅ እንደነበር ያሳያል፣ ዳኛ ይሄን ማንበብ አያቅተውም። ወረቀቱ አንቺን ለማስወጣት ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ እጅሽ ላይ ሲሆን ግን ያንቺ ማስረጃ ነው። ኦርጅናሉ እሱ ጋ ከሆነ ኮፒውን፣ ኮፒም ከሌለሽ ሽማግሌው ጋ ሄደሽ ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው።

ሰማንያ ከሌለ ጋብቻ አይረጋገጥም የሚሉሽም ተሳስተዋል። ሕጉ በሃይማኖትም በባሕልም በክብር መዝገብ ሹምም የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ነው የሚያየው፣ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸው፣ ዘመድና ጎረቤቱም እንደዛ አድርጎ ሲያያቸው መኖሩ በምስክር ይረጋገጣል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ስለሆነ በ2006 የተጋባ ሰው የምዝገባ ሰርተፍኬት አለመያዙ ማንንም አይገርምም። ሠርጉ ላይ የነበሩ፣ የሰማንያው እማኞች፣ የክርስትና እናት፣ የእድር ሰብሳቢ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ፋይል ላይ ያለው የወላጅ ስም፣ የክትባት ካርድ፣ እነዚህን አዘጋጂ።

ወደ ቤቱ ልምጣ፣ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። ካርታው በሱ ስም መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት ባንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (አንቀጽ 63)፣ የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። በማኅበር ቦታ ሲሰጥ ደግሞ ካንድ ቤት አንድ ሰው ስለሚመዘገብ ባብዛኛው የባል ስም ብቻ ነው የሚገባው፣ ይሄ የአሠራር ነገር እንጂ የባለቤትነት ጉዳይ አደለም። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)። ያላንቺ ፈቃድ ቢሸጠው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ግን ገደብ አለው፣ በፌዴራሉ ሕግ መሸጡን ካወቅሽበት ቀን 6 ወር ነው፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት አያልፍም። ደላላውን በዓይንሽ ስላየሽው "አላወቅሁም ነበር" ማለት አያዋጣሽም። ደግሞ ውል ማፍረስ ከሽያጭ ማስቆም በጣም ይከብዳል፣ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ቤት ውስጥ ገብቶ ልጆቹን አስተኝቶ ከተቀመጠ በኋላ ክርክሩ ከባልሽ ጋር ብቻ አይሆንም፣ ሦስተኛ ሰው ይገባበታል፣ ዓመታት ይወስዳል። አንዲት እናት ቤቱ ተሽጦ 8 ወር ካለፈ በኋላ መጥተው እንዴት እንደተቸገርኩ አልረሳውም፣ እውነቱ የሳቸው ነበር፣ ቀኑ ግን አልፏል።

እንዴት ነው የሚሸጠው ስንል፣ ሻጭ ስም ለማዛወር ሲሄድ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ባልሽ ያቺን የሽማግሌ ወረቀት ይዞ ቀበሌ ሄዶ "ተፋትቻለሁ" ብሎ ማስረጃ ሊያወጣ ይችላል፣ ያልተጠነቀቀ ሠራተኛ ካጋጠመው ይጻፍለታል፣ ክፍተቱ እዚ ጋ ነው። ስለዚ ዛሬ ነገ ሳትዪ ለቀበሌውም ለማዘጋጃ ቤቱም በጽሑፍ "ጋብቻችን በፍርድ ቤት አልፈረሰም፣ ቤቱ የጋራ ነው" ብለሽ አመልክቺ፣ ኮፒው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፊ። ይሄ ማመልከቻ ብቻውን ሽያጭ የማስቆም ኃይል የለውም፣ ሠራተኛው ግን ካሁን በኋላ አልሰማሁም ሊል አይችልም። የሚያስቆመው የፍርድ ቤት እግድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት በክርክር ላይ ያለ ንብረት ሊሸጥ ወይም ሊበላሽ ነው ተብሎ ከተሰጋ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ ይሰጣል፣ በቃለ መሐላ አስደግፈሽ ነው የምትጠይቂው። የደላላውን ስም፣ የመጣበትን ቀን፣ ያየ ጎረቤት፣ በቴሌግራም የተለቀቀ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ካለ ስክሪንሾቱን፣ ሁሉንም አያይዢ። ባዶ ስጋት ለዳኛ አይበቃም፣ ስጋቱን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል።

ለምን ፍቺውን ራስሽ ክሰሺ እንደምልሽም ላስረዳ። ፍቺ በፍርድ ቤት ብቻ ነው ካልኩሽ በኋላ "እንግዲያው ሚስቱ ነኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ" ልትዪ ትችያለሽ፣ እንደዛ ያሰቡ ሰዎች ተጎድተዋል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ሲመሩ ከቆዩ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም ጋብቻው እንደፈረሰ የተቆጠረበት ውሳኔ አለ። የሰበር ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። 2 ዓመት ያን ያህል ረጅም ነው ብዬ አላምንም፣ ግን እሱ ሌላ ቤት መሥርቷል፣ ጊዜው በጨመረ ቁጥር "ጋብቻው የቆመው ያኔ ነው" የሚለው ክርክሩ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ያፈራውንም ከክፍፍሉ ለማውጣት ይመቸዋል።

ስለ መሬቱ አትጨነቂ ማለት ይቻላል፣ አንድ ነገር ካጣራሽ በኋላ። ከአባትሽ ላንቺ ብቻ የተላለፈ ይዞታ ያንቺ የግል ነው፣ እሱ ማረሱ ባለይዞታ አያደርገውም። በጋብቻ ጊዜ የተመረተው እህል ግን የጋራ ነው፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ስለሆነ ጎተራ ውስጥ ያለው ገብስ ላይ ድርሻ አለኝ ካለ ልክ ነው። ማጣራት ያለብሽ አረንጓዴ ደብተሩን፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ነው፣ የሱ ስምና ፎቶ አብሮ ገብቷል ወይ? በልኬታው ጊዜ "የባልና ሚስት" ተብሎ አብሮ የተመዘገበ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፣ መሬት አስተዳደር ጽ/ቤት ሄደሽ መዝገቡን አሳዩኝ በይ።

አይሱዙው ላይ ግን ተስፋ አልሰጥሽም። ሊብሬው በወንድሙ ስም ከሆነ የጋራ ነው የሚለው ግምት አይሠራልሽም፣ ያ ግምት በባልና ሚስት እጅ ላለ ንብረት ነው። ባልሽ ከፍሎ እንደገዛው የሚያሳይ የባንክ ዝውውር፣ የብድር ወረቀት፣ የሻጩ ምስክርነት ካለሽ ወንድሙም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ተደርጎ መሞከር ይቻላል፣ ማስረጃው "ሁሉም ሰው ያውቃል" ብቻ ከሆነ ግን አቅምሽን ቤቱ ላይ አድርጊው። ሌላ ልብ የምትዪው የውሸት ዕዳ ነው፣ ክፍፍል ሲመጣ ድንገት "ከአጎቴ 300 ሺህ ተበድሬ ነበር" የሚል ውል ብቅ ይላል። የጋራ ዕዳ የሚሆነው ለቤተሰቡ ጥቅም የዋለ ዕዳ ነው፣ ገንዘቡ መቼ ተሰጠ፣ በምን ተላለፈ፣ ምን ላይ ዋለ ብለሽ ጠይቂ።

በሌላ ሴት ስለሄደ ድርሻውን ያጣል የሚለው ደግሞ የድሮው ሕግ ትዝታ ነው፣ ያኔ ጥፋተኛው ከንብረቱ ሊቀጣ ይችል ነበር። አሁን የጋራ ንብረት የሚከፈለው እኩል ለሁለት ነው (አንቀጽ 90)፣ ማን በደለ ማን ተበደለ ሳይባል። የፍቺው ምክንያት የሱ ጥፋት ከሆነ የጉዳት ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ፍርድ ቤቱ ፍትሕ ያስገድዳል ብሎ ሲያምን ይሰጣል። አውቃለሁ ይሄ ልብ አይሞላም፣ 11 ዓመት አብሮ ለፍቶ እኩል ተካፈዪ መባል ያማል። ግን ይሄው ደንብ አንቺንም ይጠብቅሻል፣ "ቤት ጥላ የወጣች ድርሻ የላትም" የሚለው አባባልም ሕግ ውስጥ የለም። ቢሆንም ቤቱን ለቀሽ እንዳትወጪ፣ መብትሽ ባይጠፋም ባዶ ቤት ለመሸጥ ይመቻል። ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን ቤቱን ትተሽ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጽ/ቤት ወዲያው አመልክቺ፣ ነፍስ ይቀድማል።

ወንድ ልጅ ለአባት፣ ሴት ልጅ ለእናት የሚባል ሕግ የለም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእናቱ የሚለውም የ1952ቱ ሕግ ነው፣ ዛሬ ዳኛው የሚያየው የልጁን ጥቅም ነው፣ ዕድሜውን፣ የወላጆቹን ገቢ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ። ልጁ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤቱ አለ፣ እህቱ አለች፣ ከተወለደ ጀምሮ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፣ አባቱ ደግሞ ሹፌር ነው፣ ሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ እነዚህን በቀላል ቋንቋ ለዳኛው ንገሪ። ልጁ አባቱን እንዳያይ ግን እንዳትከለክዪ፣ በስልክም ቢሆን አገናኚያቸው፣ መከልከልሽ አንቺ ላይ ይቆጠራል፣ ልጁም አባቱን ይናፍቃል። "ቀለብ ከከፈልኩ ልጁን እወስዳለሁ" ወይም "ልጁን ካልሰጠሽኝ አልከፍልም" የሚሉት ሁለቱም አይሠሩም፣ ቀለብ የልጁ መብት ነው፣ አንቺም ልትሰርዢው አትችይም። ሹፌር ደመወዙ ላይታወቅ ስለሚችል የሚሠራበትን ጭነት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በቴሌብር ይልክልሽ የነበረውን ገንዘብ ታሪክ አውጥተሽ አስይዢ፣ ገቢው ካልታወቀ የሚቆረጠው ቀለብ ትንሽ ይሆናል።

ፕሮሰሱ እንዲህ ነው የሚሄደው። የጋራ መኖሪያችሁም ቤቱም እዛ ስለሆነ የፍቺ አቤቱታሽን ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ፍርድ ቤት ታቀርቢያለሽ። ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅብሽም፣ መፋታት መፈለግሽ ይበቃል። ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ ይሞክራል፣ ወደ ሽማግሌ ሊመራችሁ ወይም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፣ ይሄን እንደ መጉላላት አትዪው ሥርዓቱ ነው። በዛ ጊዜ ውስጥ ግን ልጆቹ ማን ጋ እንደሚቆዩ፣ ቀለብ ስንት እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ከመጀመሪያው አቤቱታ ጋር አብረሽ ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ ባብዛኛው አይሰጥም። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ንብረቱ ይጣራል፣ ቤቱ በመሐንዲስ ይገመታል፣ አንዳችሁ ወስዳችሁ ለሌላው ግማሹን መክፈል ካልቻላችሁ በሐራጅ ይሸጣል። በውሳኔው ቅር ካለሽ ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ደብረ ብርሃን ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ቀጠሮ እንዳያመልጥሽ፣ መንገድ ተዘግቶም ሆነ ታመሽ ቀርተሽ መዝገቡ ቢዘጋ በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያትሽን አስረድተሽ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን ተዘጋ ሲባል ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ፣ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዘሽ ነው። ጠበቃ መቅጠር ግዴታ አደለም፣ ፍትሕ ጽ/ቤት ወይም ሴቶችና ሕፃናት ጽ/ቤት ሄደሽ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ፣ አቤቱታውን ግን ዝም ብሎ ራፖር ጸሐፊ ጋ አስጽፈሽ እንዳታስገቢ፣ እግዱን ሳይጠይቁ የሚጽፉ አሉ።

ባልሽ ይሄን ሲሰማ ድጋሚ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። አትመልሺያቸው፣ ቡና አፍልተሽ አስተናግጂ፣ ግን ምንም ነገር እንዳትፈርሚ፣ ቀሪውን 40 ሺህ ይዘው ቢመጡም እንዳትቀበዪ። ጥሩ ነገር ይዘው ከመጡ መልስሽ አንድ ይሁን፣ "እሺ፣ ፍርድ ቤት ቀርበን እናጽድቀው"። በእውነት መስማማት የሚፈልግ ሰው ይሄን አይፈራም፣ እንደውም በስምምነት የሚፈጸም ፍቺ ለሁላችሁም ያጥራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

የኔ ምክር ይሄ ነው፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ለቀበሌና ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ አሳውቂ፣ ከዛ የፍቺ አቤቱታውንና የእግድ ማመልከቻውን አብረሽ አስገቢ፣ ፍቺውን አስገብቼ እግዱን በኋላ እጠይቃለሁ አትበዪ። እግዱ ሲሰጥ ትእዛዙ በፖስታ ነው በሌላ ሰው ነው እስኪደርስ አትጠብቂ፣ እንዲሰጡሽ ጠይቀሽ ራስሽ ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ሂጂ፣ መዝገብ ክፍል ገቢ አስደርጊና ቁጥሩንና ቀኑን ኮፒሽ ላይ ሳታስጽፊ ወደ ቤት እንዳትመለሺ።